በትንሽ ሪያል አንድ ዓርብ በኤደን

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ያደረገችው ንግግር። ያልመጡት እንዲያነቡት እንዳለ አውጥተነዋል።)

 

ከሁሉ በፊት ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ሰብሳቢያችንን እትዬን፣ ቤቷን ለቃልን ቡና ያፈላችልንንም እህታችንን አመሰግናለሁ። እኔ ከአስረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሰው ፊት ቆሜ ማውራትም አልለመድኩም። ስለዚህ በደብተር ጽፌ መጥቻለሁ፣ እያየሁ ነው የማነበው። ስሳሳት እንዳትስቁብኝ፣ ከሳቃችሁም ቀስ ብላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓርብ ነው። አምስት ሆነን፣ በትንሽ ገንዘብ፣ የምንኖርባትን ከተማ ለማየት የወጣንበት ቀን ነው። የማንንም ስም አልጠራም፣ ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወሬ ማዳም ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ በአገራቸው ነው የምጠራቸው። ታላቃችን የደብረ ታቦር ሰው ናት፣ ኤደን 12 ዓመት ኖራለች። ሁለተኛዋ የሐረሯ፣ ሦስተኛዋ የጅማዋ፣ አራተኛዋ እኔ የሐይቋ ነኝ። አምስተኛዋ የሁላችንም ታናሽ፣ የባቲዋ ልጅ ናት።

ባለፈው ስብሰባ ይህን ጉዳይ ሳነሳ አንዲት እህቴ፣ «እኛ የመጣነው ልንሰራ ነው እንጂ ልንዝናና አይደለም። እናቴ ቤት ጣራው ያፈሳል፣ እኔ ባሕር ዳር ልንሸራሸር?» አለችኝ። አልተቆጣሁም። እውነቷን ነው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደሷ ነበርኩ። ዓርብ ከሰዓት እረፍት ሲሰጡኝ ከኩሽናው ጎን ባለችው ክፍል ውስጥ እተኛለሁ፣ ስነሳ ስልኬን አያለሁ፣ ሲመሽ እቃ አጥባለሁ። አንድ ሪያል አላወጣሁም። ግን ልንገራችሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የማውቃት ኤደን ከቤቱ በር እስከ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ያለችውን ብቻ ነበር። የሰፈሩን ስም እንኳን በትክክል አልጠራም ነበር። አንድ ሰው «የት ነሽ?» ቢለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

የባቲዋ ልጅ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። መንሱራ ውስጥ አንድ ቤት ከገባች አንድ ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳን ለራሷ ወጥታ አታውቅም። እኛም ያወቅናት የጅማዋ እህታችን ጎረቤት ስለሆነች ነው፣ ጣራ ላይ ልብስ ሲያሰጡ እየተጠራሩ።

ፈቃድ እንዴት እንዳገኘን ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የሚያስቸግራችሁ እሱ ስለሆነ። ሁላችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ አልጠየቅንም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀመርን። እኔ ማዳሜን የጠየቅኳት እንግዳ ባለበት ቀን ሳይሆን ቡና ጠጥታ ደስ ባላት ሰዓት ነው። ምሳ ሐሙስ ማታ ሰርቼ ፍሪጅ እንደማስቀምጥ፣ ከመግሪብ በፊት እንደምመለስ፣ ከማን ጋር እንደምሄድ ነገርኳት። ለባቲዋ ልጅ ግን ታላቃችን ራሷ ሄዳ፣ በሩን አንኳክታ፣ በደንብ አረብኛ ለአሰሪዋ «እህቴ ልጅ ናት፣ አንድ ቀን ስጡኝ» ብላ ለመነች። ትልቅ ሴት ስትለምን እምቢ ማለት ይከብዳል። ፈቀዱላት።

ጊዜው የካቲት ነበር። የበጋውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲጮህ ማን ይወጣል? ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ግን ለእግር መንገድ ይመቻል።

ጠዋት ሼክ ዑስማን ፈርዛ ተገናኘን። እያንዳንዳችን 7,000 ሪያል ይዘናል። ታላቃችን ገንዘቡን ሰብስባ በአንድ ቦርሳ ያዘች። የባቲዋ ልጅ ባዶ እጇን ነው የመጣችው። አፍራ አንገቷን ደፍታ፣ «ማዳም ነች የምታስቀምጥልኝ» አለች። እኛም ምንም አላልንም፣ ለአራት እንካፈላታለን ተባባልን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዓርብ ጠዋት ባስ ይቆያል፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። በመንገድ ላይ ኮርማክሰር ጋ ኑቅጣ አለ። ወታደሩ አየን፣ አለፍን። ታላቃችን ቀድማ ያስጠነቀቀችን ነገር አለ፣ ትልቅ ቦርሳና ሻንጣ አትያዙ ብላን ነበር። ሻንጣ የያዘች ሐበሻ ካዩ ወደ ሳውዲ የምትሻገር ይመስላቸዋል። ያላችሁን ወረቀት፣ ኢቃማም ይሁን የስደተኛ ካርድ፣ ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን በፕላስቲክ አድርጋችሁ ያዙ።

ክሬተር ደረስን። ክሬተር የሚለውን ስም ሁላችንም እንጠራዋለን፣ ትርጉሙን ግን ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሚተወው ጉድጓድ ማለት ነው። አስረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ላይ ተምሬዋለሁ፣ ግን በውስጡ እንደምመላለስ የነገረኝ የለም። ዙሪያውን ብታዩ ጥቁር ተራራ ነው፣ ከተማው መሃሉ ላይ ተቀምጧል። ሙቀቱ ለምን እንደማይወጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

መጀመሪያ ሻሂ ዓደኒ ጠጣን፣ በወተትና በሄል የሚፈላውን፣ ከትኩስ ኸሚር ጋር። ለአንድ ሰው 500 ሪያል። ሻይ ቤት ውስጥ ሴቶች ብቻችንን መቀመጥ ስለማይመች ይዘን ወጥተን ጥላ ሥር ጠጣነው።

ከዚያ በእግር ወደ ጠዊላ ታንከሮች ሄድን። በአረብኛ ሰሃሪጅ ይሏቸዋል። መግቢያው 200 ሪያል ነው የከፈልነው። እነዚህ ታንከሮች ከተራራው ሥር ድንጋዩን ፈልፍለው፣ ግድግዳውን ለስነው የሰሯቸው የውሃ ማጠራቀሚያዎች ናቸው። አንዱ ሞልቶ ሲፈስ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ዝናብ በኤደን በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚዘንበው፣ ሲዘንብ ግን ከተራራው እንደ ደራሽ ይወርዳል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች በአንድ ሥራ ሁለት ነገር ሰሩ። ጎርፉን ከከተማው መለሱ፣ ውሃውንም ለድርቅ አስቀመጡ። በድሮ ጊዜ ከ50 በላይ ነበሩ ይባላል፣ አሁን የሚታዩት 13 ያህል ናቸው። በድንጋይና በአፈር ተደፍነው ኖረው እንግሊዞች ናቸው በ1850ዎቹ ያስጠረጓቸው። ማን እንደሰራቸው በትክክል የሚታወቅ የለም። አንዳንዱ የሂምያር መንግሥት ነው ይላል።

ሂምያር ሲባል እኔ ዘለልኩ። ታሪክ ስንማር አጼ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም ጦር ይዞ ባሕር ተሻግሮ የዘመተው በሂምያር ላይ አይደለም እንዴ? ለጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው የጅማዋ፣ «ያኔ በጀልባ ስንመጣ ደላላው ይህን ቢነግረን ኖሮ እንደ ጦር እንዘምት ነበር» ብላ አሳቀችን።

እንግዲህ እኛ ውሃ ቀጂዎች ነን። ታንከር ከላይ ሆኜ ሳይ እናቴ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄድበት መንገድ ነው የታየኝ። በፈረንጆች ሚያዝያ 2020 ክሬተርን ጎርፍ ሲመታት እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ መኪና ሲንሳፈፍ። ታላቃችን ያን ጊዜ ክሬተር ውስጥ ነበር የምትሰራው። የጎርፉ መንገድ ላይ ቤት ሰርተውበት ስለነበር ውሃው ድሮ የሚያውቀውን መንገዱን ይዞ መጣ ስትል፣ እዚያው ግድቡ ላይ ቆማ በእጇ እያሳየች ነው የነገረችን። የባቲዋ ልጅ ከጠዋቱ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። እዚያ ላይ፣ «የኛ አገርም እንዲህ ቢሰራ» አለች።  ስልክ አልነበራትምና በእኔ ስልክ ከታንከሩ ደረጃ ላይ ፎቶ አነሳኋት።

ከታንከሮቹ ስንወርድ የሐረሯ እህታችን አንድ ነገር ለማየት ጓጉታ ነበር። ሐረር ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባል ሙዚየም አለ፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም። እሱ ሰውዬ ሐረር ከመግባቱ በፊት በ1880 መጀመሪያ የመጣው ኤደን ነው፣ የ25 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሥራ ፍለጋ። ክሬተር ውስጥ ባርዴ የሚባል የቡና ነጋዴ ቀጠረው። ነጋዴው በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ላከው። ክሬተር ውስጥም ራምቦ ቤት ይባል የነበረ ሕንፃ አለ። ከውጭ ብቻ ነው ያየነው፣ ከውጭ ማየት አይከፈልበትም።

የሐረሯ እንደነገረችን እዚህ ሳለ ሥራው ቡና የሚለቅሙና የሚያበጥሩ ሴቶችን መቆጣጠር ነበር። ሙቀቱን አልቻለውም፣ ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ያማርራል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። በመጨረሻ በ1891 እግሩ ታሞ ከሐረር በቃሬዛ ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ በመርከብ ኤደን፣ ከኤደን ፈረንሳይ ወሰዱት። እግሩን ቆረጡት፣ እዚያው አረፈ። 37 ዓመቱ ነበር። ታላቃችን ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲህ እሱም እንደኛው ነበራ» አለች። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ሴቶቹ ነው። የእሱ ስም ሁለት አገር ቤት ላይ ተጽፏል። ቡናውን የለቀሙት ሴቶች ስማቸው የት አለ? ማንም አልጻፈውም። ለዚህ ነው እኔ የማኅበራችንን መዝገብ የምወደው። ስማችንን፣ የመጣንበትን ቀን፣ የምንሰራበትን ሰፈር እንጽፋለን። እባካችሁ ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ።

ጁምዓ ሰዓት ደረሰ። የሐረሯና የጅማዋ ለሶላት ሲገቡ እኛ ሦስታችን ጥላ ሥር ጠበቅናቸው።

ከጁምዓ በኋላ ወደ ሲራ በእግራችን ሄድን። ሲራ ባሕር ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ አሁን መንገድ ተሰርቶ ከመሬት ተያይዛለች፣ ከላይዋ ምሽግ አለ። ፖርቹጋሎች በ1513 ከተማዋን ሊይዙ መጥተው ሳይሳካላቸው የተመለሱበት ቦታ ነው። እንግሊዞች ግን በ1839 ያዙ፣ እስከ 1967 አልለቀቁም። ወደ ምሽጉ የሚያወጣው ደረጃ ረጅም ነው። ታላቃችን ጉልበቷን ስለሚያማት ከታች ቀረች፣ እኛ ወጣን።

ከላይ ሆኖ ባሕሩ ሙሉ ይታያል። እኛ ስልክ አውጥተን ፎቶ ስንነሳ የባቲዋ ልጅ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። «ዞር በይ ፎቶ ላንሳሽ» ስላት እምቢ አለች። እኔም አላስጨነቅኳትም። ከሷ በቀር ማንም ባያወራም ምክንያቱ ለሁላችንም ገብቶናል።

ተራብን። ከሲራ ሥር የዓሣ ገበያው አለ። ዓሣውን ራሳችሁ መርጣችሁ ትገዛላችሁ፣ ከዚያ አጠገቡ ያሉት ምግብ ቤቶች ለሥራው ብቻ ተቀብለው በምድጃ ይጋግሩላችኋል። ዲረክ ውድ ነው፣ ተመድ ይረክሳል። ሁለት ኪሎ ተመድ በ9,000 ገዛን። መጋገሪያ 1,500፣ ሦስት ትልልቅ ዳቦ 1,500፣ ውሃ 500። ዳቦው ትልቅ ነው፣ ሁለት ሰው አንዱን አይጨርስም። ከሰሓዊቅ ጋር ስትበሉት ከኛ ዳጣ ጋር ወንድማማች ነው። ታላቃችን ዓርብ ነው ብላ ዓሣ አልቀመሰችም። የጅማዋ፣ «ዓሣ እኮ ይፈቀዳል ይላሉ» ብትላት፣ «እሱን ለሚፈቅዱት ተይው» አለቻት። ለሷ ፉል በ1,000 አዘዝን። ሁሉም 13,500፣ ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 2,700 መጣ። በሕይወቴ ውስጥ ሌላ ሰው ሰርቶ ያቀረበልኝን ምግብ ተቀምጬ የበላሁት መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ከክሬተር በባስ መዓላን አልፈን ተዋሂ ሄድን። መዓላ ዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በእንግሊዞች ጊዜ የተሰሩ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። አንዳንዱ ላይ የ2015ቱ ጦርነት ጥይት ቀዳዳ እስከ ዛሬ ይታያል። ተዋሂ የድሮው የመርከብ መንገደኞች ወደብ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሕንድ የሚሄድ ብዙ መርከብ ከሰል ለመጫን እዚህ ይቆም ነበር። ከኮረብታው ላይ እንግሊዞች የለንደኑን ትልቅ ሰዓት አስመስለው የሰሩት የሰዓት ማማ አለ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1954 መጥታ ጎብኝታለች። ታላቃችን፣ «ንግሥቲቱ በመርከብ፣ እኛ በጀልባ፣ ሁላችንም በባሕር ነው የመጣነው» ስትል እስኪያመን ሳቅን።

ከተዋሂ ወደ ጎልድ ሙር ባሕር ዳርቻ ያን ጊዜ 200 ሪያል ነበር። እዚያ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቤተሰብ በቤተሰብ ሆኖ ምንጣፍ አንጥፏል፣ ሴቶቹ ከነአባያቸው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ልጆች ይጮኻሉ። እኛም ራቅ ብለን ነጠላችንን አንጥፈን ተቀመጥን።

እህቶቼ፣ እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ባሕሩን የምናውቀው በሌሊት ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ፣ እርስ በርስ ተደራርበን፣ መነቃነቅ ተከልክለን። ባብ አል መንደብ ማለት የልቅሶ በር ማለት ነው ይላሉ አረቦቹ። እኔ ስሻገር ባሕሩን አላየሁትም፣ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ባሕር ዳር ባለች ከተማ ስኖር እጄን እንኳን ውሃው ውስጥ ነክሬ አላውቅም ነበር።

የባቲዋ ልጅ ስለ መንገዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ራስ አል ዓራ ጋ ከባሕሩ ዳር ሳይደርሱ ውረዱ እንዳሏቸው፣ ውሃው እስከ አንገቷ እንደነበር፣ አብራት የመጣችው የሰፈሯ ልጅ እጇን እንደለቀቀቻት ነገረችን። ብዙ አላወራችም፣ ይህንኑ ነው ያለችው። ማናችንም «አይዞሽ» አላልናትም። ታላቃችን ተነሳች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ የልጅቷን እጅ ያዘች፣ ቀስ ብለው ሄዱ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ጋ ሲደርስ ቆሙ። ልጅቷ ጮኸች፣ ግን ወደ ኋላ አልሸሸችም። እኛም ተከትለናቸው ገባን። አምስታችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ አንድ ቃል ሳንናገር፣ ብዙ ሰዓት ቆምን። ውሃው ሞቃት ነበር። በኋላ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ የሆነ ነገር የለም።

አሁን ጥፋታችንን ልናገር፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ሰዓት ረሳን። ዓርብ ማታ ከጎልድ ሙር የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው፣ ባሱ ሁሉ ሙሉ ነው። እስከ ተዋሂ መንገድ ድረስ ግማሹን በእግር ሄድን። እኔ ቤት የደረስኩት ከመግሪብ 20 ደቂቃ አልፎ ነው። ማዳሜ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለት ዓርብ ከለከለችኝ። ሂሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከባሕሩ በ10 ሰዓት ተነሱ፣ አንድ ደቂቃ አትጨምሩ።

ሌላም ጥፋት አለ። ፎቶዎቹን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ ወንድሜ ደውሎ፣ «ደልቶሻል መሰለኝ፣ ለባጃጅ ቀብድ ላኪልኝ» አለኝ። የዓሣው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደወጣሁ ማን ይነግረዋል? እኔም ከዚያ ወዲህ ፎቶ የምልከው ለእናቴ ብቻ ነው፣ ከድምፅ ጋር፣ ዋጋውን እየነገርኩ።

ሂሳቡ ይኸው። ባስ ጠዋት 300፣ ሻይና ኸሚር 500፣ ታንከር 200፣ ምሳ 2,700፣ ባስ ወደ ተዋሂ 300፣ ወደ ጎልድ ሙር 200፣ ባሕር ዳር ሻይ 300፣ መመለሻ 600። ለአንድ ሰው 5,100 ሪያል። የባቲዋን ልጅ ለአራት ስንካፈል ለእያንዳንዳችን 1,275 ጨመርን። ጠቅላላ 6,375። ከ7,000 ውስጥ 625 ተረፈኝ። አዎ፣ ገንዘብ ነው። ያን ወር ለቤት የላኩት ሐዋላ በዚያ ልክ ቀንሷል፣ አልዋሽም።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ልንገራችሁ።

በዚያ ቀን ባስ ውስጥ የሐረሯ እህታችን ለባቲዋ ልጅ በወረቀት ላይ ጻፈችላት። መንሱራ፣ ሼክ ዑስማን፣ ፈርዛው፣ ከፈርዛው የታላቃችን ቤት ስንተኛው መታጠፊያ እንደሆነ። በአማርኛ፣ ከሥሩ ደግሞ ለሹፌር እንድታሳይ በአረብኛ። ስንመለስ ደግሞ ልጅቷ ራሷ መንገዱን እንድትመራን አደረግን። ሁለት ቦታ ተሳሳተች፣ ሦስተኛውን አልተሳሳተችም።

ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ማለዳ የታላቃችን በር ተንኳኳ። እሷ ነበረች፣ በአንድ ፌስታል ልብስ። ማዳም «ታስቀምጥልኛለች» ያለችው ደሞዝ የሰባት ወር ሆኖ ነበር። ስትጠይቅ ሁሌ «ነገ» ይሏታል። በመጨረሻ ጠይቃ ሲመቷት ቆሻሻ ልትጥል እንደወጣች አልተመለሰችም። ወረቀቱ ጡቷ ውስጥ ነበር። ለሹፌሩ አሳየች፣ ባስ ተሳፈረች። ሹፌሩ ሂሳብ ሲጠይቃት ስለሌላት አንዲት የኤደን ሴት ከፈለችላት። አላህ ይስጣት።

ታላቃችንና ሁለት የማኅበራችን አባላት የሰፈሩን ዓቅል ይዘው ሄዱ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። የሰባቱን ወር ሳይሆን የአራቱን ወር አገኙላት። ሦስቱ ወር እንደቀረ ቀረ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከዚያ አይ ኦ ኤም ጋ ወደ አገር መመለስ እፈልጋለሁ ብላ ተመዘገበች፣ ወረፋ ጠበቀች፣ ተራዋ ሲደርስ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባች። አሁን ባቲ ናት።

እህቴ፣ ባለፈው የጠየቅሽኝ ትክክል ነው፣ የመጣነው ልንሰራ ነው። ግን የምትሰሪበትን ከተማ የማታውቂ ከሆነ ችግር ሲመጣ የት ትሮጫለሽ? ያን ቀን ዓሣ በልተን ባሕር አይተን ብቻ አልተመለስንም። አንዲት ልጅ ባስ የሚቆምበትን አውቃ ተመለሰች። ባናወጣት ኖሮ እስከ ዛሬ «ነገ» እየተባለች እዚያው ነበረች። የእናትሽ ጣራ ይሰራ፣ አሜን። አንቺም ግን የምትደርሺበት በር ይኑርሽ።

ስለዚህ ማኅበራችን በየሦስት ወሩ አንድ ዓርብ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእቁቡ ጎን በወር 500 ሪያል ብናስቀምጥ፣ ምሳ ከቤት ይዘን ዓሣውን ብንተወው፣ ደሞዝ ያልተከፈላት እህትም አብራን ትወጣለች። እያንዳንዷ አዲስ ልጅ የሰፈሯን ስም፣ የባሱን መንገድ፣ የአንድ እህት ቤት በወረቀት ትያዝ። ስልክ ይቀማል፣ ወረቀት ግን ይደበቃል።

ልጨርስ። ባለፈው ሳምንት የባቲዋ ልጅ በጎረቤት ስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሰላምታ ካቀረበች በኋላ፣ «እትዬ፣ ታንከሩ ላይ ያነሳሽኝን ፎቶ ላኪልኝ። እናቴ የመን እንዲህ ያለ ነገር አለ ስላት አላምንሽም አለችኝ» አለች። ላክሁላት።

 በሰላም ለአገራችን ያብቃን።